ባይተዋርነት በማኅበራዊ ሳይንስና በኢስላም እይታ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

 



የዛሬው ርዕሳችን ባይተዋርነት ነው። ባይተዋር ስንል አገር የሌለውን ሰው ብቻ ማለታችን አይደለም። አገር እያለው፣ ጎረቤት እያለው፣ የአካባቢውን ቋንቋ እየተናገረ፣ ግብሩን እየከፈለ፣ ነገር ግን «የኛ» ከሚባለው ክበብ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ እንዲቆም የተደረገ ሰውም ባይተዋር ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ብቻ አይደለም፤ በየቤታችን ያለ ነው። ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና «እኛ ከየት ነው የመጣነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሴት ልጅ ሒጃቧን በሚመለከት የተነገራትን ይዛ ትገባለችና በራት ሰዓት አንገቷን ትደፋለች። ወላጅ በዚህ ጊዜ ከሁለት ቀላል መልሶች አንዱን ያነሳል። አንዱ «ተዪው፣ ዝም በይ» የሚል ነው። ሌላው «እነሱ ሁሉም እንዲሁ ናቸው» የሚል ነው። የመጀመሪያው ልጅን አንገት ያስደፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ልጅን በጥላቻ ያሳድጋል። ሦስተኛ መልስ አለ። እሱን ለማግኘት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቅድሚያ የኅብረተሰብ ጥናት (ሶስዮሎጂ) ሊቃውንት ያሉትን እናያለን፤ ቀጥሎም ወደ ዲናችን እንመለሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ቀርቦ የራቀ ሰው

ስለ ባይተዋር በሰፊው ከሚጠቀሱት ጽሁፎች አንዱ ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ. በ1908 ያሳተመው አጭር ጽሁፍ ነው። ዚመል የአይሁድ ትውልድ ያለው ሰው ነበር። ዕውቀቱ በብዙዎች ቢደነቅም በዩኒቨርሲቲ ሙሉ የፕሮፌሰርነት ወንበር ያገኘው ሊሞት አራት ዓመት ሲቀረው፣ በ1914 ነው። ስለ ባይተዋር ሲጽፍ የሩቅ ነገር እየጻፈ አልነበረም።

በዚመል አስተያየት ባይተዋር ማለት መንገደኛ አይደለም። መንገደኛ ያልፋል። ባይተዋር ግን መጥቶ የሚቀር ነው። የአገራችን ሰው እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ነው እንደሚለው ዓይነት ነው፤ ችግሩ የሚጀምረው በመቆየቱ ነው። ይህ ሰው በአካል ቅርብ ነው፤ በልብ ግን ሩቅ ተደርጎ ይታያል። መሬቱ በሌሎች ስለተያዘ አብዛኛውን ጊዜ ኑሮውን በንግድ ይመሠርታል።

ዚመል አንድ ጥቅምም አይቷል። ባይተዋር ከአካባቢው ዘመድና ወገን ጋር በነገር ስላልተሳሰረ ሚዛናዊ ዓይን አለው። በቀድሞ ዘመን አንዳንድ የጣሊያን ከተሞች ዳኛ ከውጭ ያስመጡ የነበረው ለዚህ ነው ይላል። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መዲና ስንሄድ እንፈልገዋለን።

ይህ የዚመል ጽሁፍ ከአገራችን ጥናት ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ። ስለ ኢትዮጵያ ኅብረተሰብ «ሰምና ወርቅ» በሚል ትርጉም የሚታወቀውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው የቺካጎው ምሁር ዶናልድ ሌቪን፣ የዚመልን ሥራዎች ለእንግሊዝኛ አንባቢ ካቀረቡት ዋነኛ ሰዎች አንዱ ነው።

በሌላው ዓይን ራስን ማየት

ጥቁር አሜሪካዊው ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው መጽሐፉ «ድርብ ንቃተ ኅሊና» ብለን ልንተረጉመው የምንችል አሳብ አቅርቧል። የተገፋ ሰው ራሱን በራሱ ዓይን ብቻ አያይም፤ ሁልጊዜ በገፊው ዓይንም ይለካዋል። ከቤት ሲወጣ «እንዴት ነው የሚያዩኝ?» የሚል ሁለተኛ ሰው በውስጡ አብሮት ይወጣል። ይህ ያደክማል። ልጆቻችን «ደከመኝ» ሲሉ አንዳንዴ የደከማቸው ትምህርቱ ሳይሆን ይህ እንደሆነ ወላጆች ልብ ልንል ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ ሮበርት ፓርክ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በሁለት ባህሎች ድንበር ላይ ስለሚኖር ሰው ጻፈ። ይህ ሰው በሁለቱም ቤት ሙሉ በሙሉ አይገባም፤ ስለዚህ ይጨነቃል። ነገር ግን ፓርክ እንዳለው አድማሱ ሰፊ፣ አስተሳሰቡም የነቃ ይሆናል። ጭንቀቱና ስፋቱ ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል።

ስም መለጠፍ

ሃዋርድ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1963 «ውጫውያን» በሚል አሳብ ባሳተመው መጽሐፉ ሌላ ጥያቄ አነሳ። ሁላችንም «ይህ ሰው ለምን ወጣ?» ብለን እንጠይቃለን። ቤከር ግን «አውጪው ማን ነው? መስመሩን ያሰመረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። በእርሱ አስተያየት አንድ ሰው ከመስመር የወጣ የሚባለው ከሥራው ብቻ የተነሳ አይደለም፤ ሌሎች ስም ስለለጠፉበትም ነው። ስሙ አንዴ ከተለጠፈ በኋላ ሰውየው የሚሠራው ሁሉ በዚያ ስም ይተረጎማል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሰውየው ራሱ ስሙን መምሰል ይጀምራል። «ሌባ ነህ» እየተባለ ያደገ ልጅ ምን እንደሚሆን የሰፈር ሰው ያውቃል።

በዚያው በ1963 ኤርቪንግ ጎፍማን ስለ «ማኅበራዊ ጠባሳ» ጽፏል። ቃሉን የወሰደው ከጥንታውያን ግሪኮች ነው፤ እነሱ በባሪያና በወንጀለኛ አካል ላይ ምልክት ያደርጉ ነበር። ጎፍማን ጠባሳውን በሦስት ይከፍለዋል፤ የአካል ጉድለት፣ የጠባይ ነቀፌታ፣ እንዲሁም የዘር፣ የብሔርና የሃይማኖት ምልክት። ከዚያ ሰዎች ምልክታቸውን እንዴት እንደሚደብቁ ያሳያል። በቤት ሙሐመድ፣ በሥራ ቦታ ግን በሌላ ስም የሚጠራ ሰው ገጥሟችሁ ከሆነ ጎፍማን ስለ ምን እንደጻፈ ገብቷችኋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስሙን ጠልቶት ላይሆን ይችላል። እንጀራውን ፈርቶ ነው።

ልዩነት ሳይኖር የተፈጠረ ልዩነት

ከሁሉ የሚያስገርመው የኖርበርት ኤልያስና የጆን ስኮትሰን ጥናት ነው። ኤልያስ ከናዚ ጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ምሁር ነው፤ እናቱ በናዚዎች እጅ ጠፍታለች። ሁለቱ ሰዎች በእንግሊዝ አገር በሌስተር ከተማ አጠገብ ያለን አንድ ሰፈር አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 በመጽሐፍ አወጡ።

በዚያ ሰፈር ሁለት የሠራተኛ መንደሮች ጎን ለጎን ነበሩ። ነዋሪዎቹ በዘር አንድ፣ በቋንቋ አንድ፣ በኑሮ ደረጃም ተመሳሳይ ነበሩ። ልዩነታቸው አንደኛው ቀድሞ መግባቱ ብቻ ነበር። ሆኖም ነባሮቹ አዲሶቹን ቆሻሻ፣ ሥርዓት የለሽ፣ የማይታመኑ አድርገው ያዩአቸው ነበር። ነባሮቹ በመካከላቸው ስለሚተዋወቁና የየማኅበሩን ወንበር ስለያዙ ወሬያቸው ኃይል ነበረው። አዲሶቹ ደግሞ እርስ በርስ ስለማይተዋወቁ መልስ የሚሰጥ አልነበራቸውም። ጥቂቶቹም የተባለውን አምነው አፈሩ።

ኤልያስ ከዚህ አንድ ትልቅ ሕግ አወጣ። ነባር ቡድን ራሱን የሚለካው ከመካከሉ ባሉ ጥቂት ምርጥ ሰዎች ነው፤ ባይተዋሩን የሚለካው ግን በመካከሉ ባሉ ጥቂት መጥፎ ሰዎች ነው። ይህን ሕግ የዓለም ሙስሊም በየዜናው ያየዋል። አንድ ሙስሊም ነኝ ባይ ወንጀል ሲሠራ ሚሊዮኖች ይጠየቁበታል። ከሌላው ወገን አንዱ ሲያጠፋ ግን «ግለሰብ ነው» ይባላል። ነገር ግን እኛም በበኩላችን ይህን ሕግ በሌሎች ላይ እንሠራበታለን ወይስ አንሠራበትም? ጥያቄው ይቆየን።

በአገራችን

የኢትዮጵያ ሙስሊም ታሪክ ለዚመል ጽሁፍ ማስረጃ ተብሎ የተጻፈ ይመስላል። በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሞች በአብዛኛው የርስት መሬት ባለቤት መሆን ስላልተፈቀደላቸው ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በጎንደር በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በጎንደር አዲስ ዓለም የሚባለው የሙስሊሞች ሰፈር ከዚያ ዘመን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ያለ ሙስሊሙ ነጋዴ ገበያው አይቆምም ነበር፤ ነጋዴው ግን ከገበያ ሲመለስ የሚገባው ለብቻው ወደተለየ ሰፈር ነበር። ቅርብም ሩቅም ማለት ይህ ነው።

ስም የመለጠፉም ነገር አልቀረም። ረጅም ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ስንባል ኖረናል። ሐረጉ ለሰሚው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን «የሚኖር» የሚባለው ተከራይ ነው፤ ባለቤት «የሚኖር» አይባልም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የወጣው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የሃይማኖት እኩልነት ነበር፤ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ተብሎ መጠራትም የዚያ ጥያቄ አካል ነው። በሰልፉ ላይ ጥያቄውን የደገፉ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ፤ ይህን ለልጆቻችን ስንናገር መዝለል የለብንም። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዒድ አልአድሓና መውሊድ የአገር በዓላት ሆኑ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ደነገገ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

አንዳንዱ ሰው «ባይተዋር የሚሆነው በቁጥር ያነሰ ነው» ይላል። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ግን ሙስሊሙ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 በመቶ እንደሆነ አሳይቷል። ከሦስት ሰው አንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ኤልያስ ትክክል ነው፤ ባይተዋርነት ቁጥር ከማነስ ብቻ አይመጣም። ማን ቀድሞ ተደራጀ፣ የማን ወሬ ተሰማ ከሚለው ይመጣል።

ኢስላም ምን ይላል?

ውድ አድማጮቻችን፣ እነዚህ ምሁራን በሽታውን በሚገባ መርምረዋል። መድኃኒቱን ግን ከዲናችን እንፈልግ።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እ.ኤ.አ. በ622 ወደ መዲና ሲገቡ ከውጭ የመጡ ሰው ነበሩ። አውስና ኸዝረጅ የተባሉት ሁለቱ ጎሳዎች ለብዙ ዘመን ተዋግተው፣ በቡዓስ ጦርነት ታላላቆቻቸውን አጥተው ነበር። ከመካከላቸው የሚነሳን አንድ ሰው ሌላው ወገን አያምነውም። ከሁለቱም ያልሆኑ፣ ሁለቱንም በእኩል ዓይን የሚያዩ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ዚመል ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ያስተዋለውን ጥበብ አላህ (ሱ.ወ) በመዲና ሠርቶበታል። ስለዚህ ለልጆቻችን «ባይተዋር መሆን ውርደት አይደለም፤ ከፍጡር ሁሉ በላጩ በስደት ኖረዋል» ማለት እንችላለን። ከዚያ በፊት ሶሓቦቻቸው እዚሁ ሐበሻ ምድር ባይተዋር ሆነው መጥተው በነጃሺ ፍትሕ ተጠልለዋል።

ከመዲና ሁለተኛው ትምህርት የወንድማማችነት ውል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሙሃጂሩንና አንሳሩን ሁለት ሁለት አድርገው አወንድመዋል። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ሲል ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) በረከት ተመኝቶለት «ገበያው የት እንደሆነ አሳየኝ» የሚል መልስ መስጠቱ ይታወቃል። ነባሩ በሩን ከፈተ፤ መጤው ደግሞ እጁን ለልመና ሳይሆን ለሥራ ዘረጋ። ሁለቱም ክብራቸውን ጠበቁ።

ሦስተኛው፣ በዳር የነበረን ሰው ወደ መሐል ማምጣት ነው። ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ሐበሻዊ፣ የቀድሞ ባሪያ፣ በመካ የሚከላከልለት ጎሳ የሌለው ሰው ነበር። አዛን እንዲያደርግ የተመረጠው ግን እርሱ ነው። በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈትም በከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን አድርጓል። ሰልማን ከፋርስ፣ ሱሀይብ ከሮም አገር የመጡ ነበሩ። ዓይነ ስውሩን ኢብኑ ኡሚ መክቱምን (ረ.ዐ) በተመለከተ ሱረቱ ዐበሰ ወርዷል፤ በኋላም የነቢዩ ሙአዚን ሆኗል። በሱረቱል ሑጁራት ደግሞ አላህ (ሱ.ወ) ሕዝብ በሕዝብ ላይ እንዳያላግጥ፣ ሴቶችም በሴቶች ላይ እንዳያላግጡ፣ በመጥፎ ቅጽል ስምም እንዳንጠራራ ከልክሏል። ቤከርና ጎፍማን በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስም መለጠፍ ሰውን እንዴት እንደሚያጠፋ ጻፉ፤ ቁርኣን ግን መለጠፉን ራሱን ኃጢአት አድርጎታል።

እዚህ ላይ ከቤከር የምንለይበትን ነጥብ መግለጽ ይገባናል። አንዳንዶች ከእርሱ አሳብ ተነስተው «መጥፎ ሥራ የሚባል የለም፤ ሁሉም ስም መለጠፍ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። እኛ እንዲህ አንልም። ሐራም ሐራም ነው። ነገር ግን ሥራን መንቀፍ አንድ ነገር ነው፤ ሰውን በሥራው ስም ለዘላለም ማሰር ሌላ ነገር ነው። የተውበት በር ክፍት እያለ የሰውን ስም መቸንከር የማን ሥልጣን ነው?

ስለ «ጉረባእ»ም አንድ ቃል እንበል። ኢስላም በባይተዋርነት እንደጀመረና ወደዚያው እንደሚመለስ፣ ባይተዋሮችም ብሥራት እንዳላቸው የሚያስረዳው ሐዲስ በብዙዎቻችን ዘንድ የታወቀ ነው። ይህን ሐዲስ ይዞ ጎረቤቱን የሚንቅ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ «እኔ ብቻ ነኝ ትክክል» የሚል ወጣት አለ። ዓሊሞች ግን በዚያ ሐዲስ የተመሰገኑት ሰዎች ሲበላሹ የሚያስተካክሉ እንደሆኑ አስረድተዋል። የሚያስተካክል ሰው ደግሞ ከሰው መካከል አይጠፋም።

በቤታችን ያለው ባይተዋር

አሁን ያቆየነውን ጥያቄ እናንሳ።

ፓትሪሺያ ሂል ኮሊንስ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1986 «በውስጥ ያለች ባይተዋር» የሚል አሳብ አቀረበች። ምሳሌዋ በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ጥቁር ሴቶች ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ልጅ ያሳድጋሉ፣ ያበስላሉ፣ የቤቱን ምሥጢር ሁሉ ያውቃሉ። የቤተሰቡ አካል ግን አይደሉም። ቤቱን ባለቤቶቹ ከሚያውቁት በተሻለ ያውቁታል፤ ምክንያቱም ከውስጥም ከውጭም ያዩታል።

ይህን ስንሰማ በጅዳ፣ በሪያድና በቤይሩት ያሉ እህቶቻችን ትዝ ይሉናል። በአሠሪ ስም በታሰረ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ፓስፖርታቸው ተይዞባቸው፣ ደመወዛቸው ዘግይቶባቸው የኖሩ ብዙ ናቸው። አንድ ቂብላ ወደሚሰግድ ቤት ገብተው ባይተዋር የሆኑ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014 ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዐረቢያ ተመልሰዋል። ከተመለሱም በኋላ በገዛ ሰፈራቸው «የዐረብ አገር ተመላሽ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ለጋብቻ የሚፈሩ፣ በሹክሹክታ የሚታሙ እህቶች አሉ። እነሱ በላኩት ገንዘብ የተሠራ ቤት ውስጥ ተቀምጠን ነው የምናማቸው።

እዚህስ? በብዙ ቤቶቻችን ከገጠር የመጣች ልጅ አለች። ሁሉ ከበላ በኋላ የሚተርፈውን የምትበላ፣ በስሟ ሳይሆን «አንቺ» ተብላ የምትጠራ፣ ቁርኣን የሚቀራበት ሰዓት ሲደርስ ወደ ማጀት የምትላክ። በጅዳ ላለችው ልጃችን እናለቅሳለን፤ በማጀታችን ያለችው የማን ልጅ ናት? በአንዳንድ አካባቢ ደግሞ ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ሙስሊም በሰላት ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ቆመን፣ ለጋብቻ ሲሆን እንሸሸዋለን። አዲስ የሰለመ ወንድም በመስጂድ ተክቢራ ይደረግለታል፤ በሚቀጥለው ዒድ ቤቱ የሚገባ አይኖርም። ኤልያስ ያየው የነባርና የመጤ ሰፈር እንግሊዝ ብቻ አይደለም ያለው።

አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ዘር ሰድቦ ነበር። ብዙ ዓሊሞች ሰውየው ቢላል እንደነበር ይናገራሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዘርን የጃሂሊያ ጠባይ እንዳለበት ነገሩት። በዚያው ሐዲስ ውስጥ አገልጋዮች ወንድሞቻችን እንደሆኑ፣ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳናሸክማቸው፣ ካሸከምናቸውም እንድናግዛቸው አዘዙ። ልብ በሉ፤ ስለ ስድብና ስለ ማዕድ የተነገረው በአንድ ቦታ ነው። ሰውን በስም የሚያዋርድ በማዕድም ያዋርደዋልና።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ልጅ የተናገሩትን ይዞ ሲመጣ እስኪጨርስ እናዳምጠው። ከዚያ ቢላልን፣ ነጃሺን፣ የሚያዝያ 12ን ሰልፍና በሰልፉ ላይ አብረውን የወጡትን ክርስቲያኖች ታሪክ እንንገረው። ታሪኩን የሚያውቅ ልጅ ራሱን በሰዳቢው ዓይን አይለካም፤ ሰዳቢውንም የወገኑ ሁሉ ተወካይ አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ወሬ የባይተዋርነት መሣሪያ መሆኑን አውቀን በቤታችን ስለ ሌላ እምነት፣ ስለ ሌላ ብሔር ወይም ስለ ሰፈር ሰው የምንናገረውን እንቆጣጠር። ልጅ ከምክራችን ይልቅ በቡና ላይ የምንለውን ይሰማል።

ሦስተኛ፣ በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን አንድ ባይተዋር እንፈልግ። ከዐረብ አገር የተመለሰች ጎረቤት፣ አዲስ የሰለመ ወንድም፣ ተከራይ ሆኖ የገባ ሌላ እምነት ያለው ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ግን ወደ ማጀት እንይ። ዛሬ ማታ ማዕዱ ሲቀርብ የቤት ሠራተኛችንን በስሟ ጠርተን ከልጆቻችን ጋር እናስቀምጣት። እንደ እነርሱ ትብላ፤ እንደ እነርሱም ትቅራ።

አላህ (ሱ.ወ) ተገፍተን የምንታገሥ፣ ሥልጣን አግኝተን የማንገፋ ያድርገን። በባዕድ አገር ላሉት እህቶቻችንና ወንድሞቻችን መጠጊያ ይሁናቸው። አሚን።